ያረጀ ባርኔጣ ሲያገኙ ገልብጠው ይዩት

በሳልባጅ ክምር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ያረጀ ባርኔጣ ሲገኝ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙና ቅርጹ ላይ ነው። በእነዚህ ብቻ የሚወስን ገዢ ብዙ ጊዜ ይታለላል። የተጨማደደ ቅርጽ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ይቃናል፤ የደበዘዘ ቀለምም አቧራው በብሩሽ ሲለቅ ሊፈካ ይችላል። የማይመለሰው ጉዳት ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እሱን ለማየት ባርኔጣውን መገልበጥ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ግን ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ባርኔጣው የሚሠራበት ፌልት የሚባለው ጨርቅ አይፈተልም፣ አይሸመንም። ጥሩ የሚባለው የሚሠራው ከጥንቸል ወይም ቢቨር ከሚባለው የወንዝ እንስሳ ለስላሳ የውስጥ ጠጉር ነው። እያንዳንዱ ጠጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። በሙቅ ውሃ እየተነከረ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ አንዴ ከተያያዙ የሚፈታቸው የለም። መጀመሪያ ሰፊና ስስ የነበረው ሾጣጣ ነገር እየታሸ ከግማሽ በታች ይኮማተራል፣ ይጠብቃል፤ ከዚያ በእንጨት ቅርጽ ላይ ተወጥሮ ባርኔጣ ይሆናል። ከበግ ጠጉር የሚሠራውም አለ። ዋጋው ቀላል ነው፣ ዝናብ ግን አይችልም፤ ይኮማተራል ወይም ክፈፉ ይልፈሰፈሳል። ሁለቱን ለመለየት ክፈፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያሹት። የጥንቸሉ ስስ ሆኖ ጥቅጥቅ ያለና ልስልስ ነው፤ የበጉ ወፈርና ሻከር ይላል።

ሰብሳቢዎች በብዛት የሚያነሷቸው ሁለት ስሞች ናቸው። ጁሴፔ ቦርሳሊኖ እ.ኤ.አ. በ1857 በጣሊያን አሌሳንድሪያ ከተማ ሥራ ጀመረ፤ ጆን ስቴትሰን ደግሞ በ1865 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሁለቱም ፋብሪካዎች በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ባርኔጣ ያመርቱ ነበር። ዛሬ አሮጌው በየገበያው የሚገኘውም ለዚህ ነው፤ ያኔ ባርኔጣ ሳያደርግ ከቤት የሚወጣ ወንድ በእነዚያ አገሮች ጥቂት ነበር።

አሁን ይገልብጡት። በውስጡ ዙሪያውን ላብ የሚቀበል የቆዳ መቀነት አለ። ጣትዎን አስገብተው ቆዳውን ቀስ ብለው ወደ ውጭ ያጥፉት። ከኋላ በኩል፣ ስፌቱ ከሚገናኝበት አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ ቁጥር የታተመባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ትገኛለች። በአሜሪካ በተሠሩት ላይ የሠራተኛ ማኅበር ምልክትም አይጠፋም፤ ዕድሜን ለማወቅ ከሁሉ የሚረዳው ይኸው ነው። የባርኔጣ ሠሪዎቹ ማኅበር በ1934 ከቆብና ከሴቶች ባርኔጣ ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተዋህዶ ስሙን ለውጧል። ስለዚህ የተዋሃደው ማኅበር ስም ያለበት ባርኔጣ ከዚያ ዓመት በፊት አልተሠራም። የአሜሪካ ሱቅ አድራሻ ታትሞበት ከሆነም ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ ቁጥር መኖሩን ይዩ፤ ያ ቁጥር የመጣው በ1963 ነው።

ዕድሜን ማወቅ ለጤናም ነው። ጠጉሩ በቀላሉ እንዲያያዝ ፋብሪካዎች የእንስሳውን ቆዳ በናይትሪክ አሲድ በሟሟ ባዜቃ ይቀቡት ነበር። ትነቱን ሲተነፍሱ የኖሩ ሠራተኞች እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ባሕርያቸውም ይለወጥ ነበር፤ የባርኔጣ ከተማ በነበረችው ዳንበሪ፣ ኮነቲከት፣ ሕመሙ ‹‹የዳንበሪ መንቀጥቀጥ›› እስከመባል ደርሶ ነበር። አሜሪካ ይህን አሠራር ያስቆመችው በ1941 ነው። በሙዚየም ያሉ አሮጌ ባርኔጣዎች ሲመረመሩ ባዜቃ አሁንም ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ ባርኔጣ ካለዎት በዝግ ክፍል አያራግፉት፣ በእንፋሎት አያሙቁት፣ ልጆችም አይጫወቱበት። እንዲህ ያለውን አስቀምጦ ማየት ይበቃል ባይ ነኝ፤ ለመልበስ ከ1940ዎቹ ማብቂያ በኋላ የተሠራውን ይምረጡ።

ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሥተው በውስጡ ይመልከቱ። የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብርሃን ካሳለፈ ብል በልቶታል። ይህ አይጠገንም። የደረቀና የተሰነጠቀ የቆዳ መቀነት ግን በአዲስ ሊተካ ይችላል፤ የላብ እድፍም ከላይ ጥብጣብ ይሸፍነዋል። መጠኑን ለማወቅ ከቅንድብዎ ትንሽ ከፍ አድርገው ራስዎን በሜትር ይለኩ፤ 58 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በአሜሪካ ቁጥር ሰባት ከሩብ ነው። በትንሹ ከሰፋ ከቆዳው ጀርባ ወረቀት አጥፎ ማስገባት ያስተካክለዋል። ከጠበበ ይተዉት፤ ያረጀ ቆዳ ሲወጠር ይቀደዳል።

አለባበሱን በተመለከተ የፊልም ተዋናይ ለመምሰል መጣር አያስፈልግም። አፄ ምኒልክ በብዙ ፎቶግራፎቻቸው ላይ ነጭ ሻሽ አስረው ከላዩ ሰፊ ክፈፍ ያለው ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው፣ ካባቸውን ደርበው ይታያሉ። ከውጭ የመጣውን ባርኔጣ ከራሳቸው ልብስ ጋር አስማሙት እንጂ ለእሱ ብለው ልብሳቸውን አልለወጡም። ዛሬም ቢሆን ከነጠላ ወይም ከተራ ካፖርት ጋር ያምራል፤ የሚከብደው ከሙሉ የድሮ ልብስ ጋር ተደራርቦ የትያትር ልብስ ሲመስል ነው።

እኛ ጋ ባርኔጣ የሚጎዳው በአክብሮት ጭምር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይወልቃል፣ ታላቅ ሰው ሲታይ ይነሣል፤ ይህ ሁሉ ሲደረግ ሰዎች የሚይዙት ከፊት በኩል አናቱ የተቆነጠጠበትን ቦታ ነው። ፌልቱ በመጨረሻ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ከፊትና ከኋላ ክፈፉን ይዞ ማንሣት ይሻላል። ሲያስቀምጡትም በአናቱ ገልብጠው ያስቀምጡት፣ ክፈፉ እንዳይጣመም። ከረጠበ ቆዳውን ወደ ውጭ አጥፈው በራሱ ጊዜ ይድረቅ፤ ምድጃና የመኪና ውስጥ ሙቀት ያኮማትረዋል።

ብል ጨለማና ጸጥታ ይወዳል። በሳምንት አንዴ የሚደረግና የሚቦረሽ ባርኔጣ እምብዛም አይበላም፤ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ዓመታት ያሳለፈ ነው የሚጠቃው። ከገበያ የመጣ ባርኔጣ ከሌሎች ልብሶች ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በላስቲክ ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ በበረዶ ቤቱ አንድ ሁለት ሳምንት ቢቆይ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ሲያወጡት ላስቲኩን ወዲያው አይፍቱት፤ ቅዝቃዜው እስኪለቅ ይጠብቁ፣ አለዚያ ፌልቱ ውሃ ይቋጥራል።