ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ ሆዴ እምቢ አለኝ፤ ምን ላድርግ?



ሲጋራ ለማቆም ስትወስኑ ብዙ ነገር ይነገራችኋል። እንቅልፍ ይረበሻል፣ ትነጫነጫላችሁ፣ ሳል ሊጨምር ይችላል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል... ስለ ሆድ ግን የሚያወራ ሰው ብዙም የለም። ስለዚህ ካቆሙ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሆድ ሲደርቅና ሲነፋ ሰው ይደነግጣል። «እያጨስኩ ደህና ነበርኩ እኮ፣ ሳቆም ታመምኩ» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፦ አንዷን ለመሞከር ወደ ሱቅ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚሆን እንይ።

አንጀታችን የራሱ የነርቭ መረብ አለው። ምግብን እየጨመቀ ወደ ታች የሚገፋው በዚህ መረብ ትእዛዝ ነው። ነርቮቹ መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። ኒኮቲን ደግሞ አሴቲልኮሊንን አስመስሎ በዚያው በር ይገባና አንጀትን ያነቃቃዋል። በቀን 10 ወይም 20 ጊዜ ከውጭ እየተገፋ ዓመታት የኖረ አንጀት፣ ገፊው በድንገት ሲጠፋበት ይዘገያል። ሰገራ ትልቁ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል፤ ከኋላው ጋዝ ይጠራቀማል። የሆድ መነፋቱም፣ ቁርጠቱም፣ «ጨርሼ አልወጣሁም» የሚለው ስሜትም ከዚሁ ነው።

ይሄ ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። ካቆሙ 6 ሰዎች 1 ገደማው ላይ የሆድ ድርቀት ይመጣል፤ ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፣ ከዚያ አንጀቱ ያለ ኒኮቲን መሥራት ሲለምድ ቀስ በቀስ ይለቃል። ብዙ ሰው ላይ የሳምንታት ጉዳይ ነው።

በቅርቡ አንድ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ የታክሲ ሹፌር መጥቶ ነበር (እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። ሲጋራ ካቆመ 12 ቀኑ ነው። ለዓመታት ጠዋት ማኪያቶ፣ ከማኪያቶው ጋር ሲጋራ፣ ከዚያ ቀጥታ ሽንት ቤት። አሁን ማኪያቶው አለ፣ ሽንት ቤቱም አለ፣ የሚወጣ ነገር የለም። አራት ቀን ሆኖታል። እንዲህ አለኝ፦ «ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት አንዷን ብቻ ባጨስስ? ለሆዴ ብዬ ነው እንጂ ሱሱስ ለቆኛል።»

ጥያቄው የሚያሾፉበት አይደለም። እውነቱን ለመናገር ያቺ አንዷ ሲጋራ ሆዱን ልታስወጣው ትችላለች። ችግሩ ሌላ ነው። አንጀቱ ያለ ኒኮቲን መሥራት ለመልመድ 12 ቀን ደክሟል፤ በየጠዋቱ አንዷን ካገኘ ልምምዱ አያልቅም፣ ነገም ይጠብቃታል። ደግሞ «አንዷ ብቻ» የሚባለው ነገር ለልብ ቀላል አይደለም። በቀን 1 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ በቀን 20 የሚያጨሰው ሰው ከሚሸከመው ተጨማሪ የልብ ህመም አደጋ ግማሽ የሚጠጋውን ይሸከማል። ከ20 ወደ 1 ስንወርድ አደጋው በዚያው ልክ ወደ አንድ ሃያኛ አይወርድም ማለት ነው። ለሆድ ድርቀት የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ከዚህ ሰውዬ ጋር ስናወራ ሌላም ነገር ወጣ። ከማለዳ እስከ ማታ መሪ ላይ ነው። ውሃ አይጠጣም፤ ለምን ስለው «ሽንት ቤት የት አገኛለሁ?» አለኝ። ምሳው ብዙ ጊዜ ዳቦ ወይም መኮሮኒ ነው። ያ ሁሉ ድሮም ነበር፤ ሲጋራው ግን ሸፍኖት ነበር። እናንተም ሆዳችሁ ከደረቀ ከሲጋራው ጀርባ ምን ተደብቆ እንደነበር እዩ።

እና ምን ይደረግ?

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን መልሱለት። ስንበላ ትልቁ አንጀት በተፈጥሮው ይነቃል፤ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ደግሞ በጣም። ድሮ ይህንን ሰዓት ሲጋራ ይዞት ነበር፣ አሁን ቁርስ ይያዘው። ቁርስ ብሉ፣ ከፈለጋችሁ ቡናችሁን ጠጡ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆዩና ባይመጣም ሽንት ቤት ግቡ። የምትቀመጡበት ዓይነት ሽንት ቤት ከሆነ እግራችሁን በርጩማ ላይ አድርጉ፤ ጉልበት ከወገብ ከፍ ሲል መውጫው ይቀናል። ቁጭ ብሎ መጸዳዳት የለመደ ሰው ይሄን ሳይነገረው ያውቀዋል። አታምጡ፣ 10 ደቂቃ ይበቃል። ስልካችሁን ውጭ ተዉት። (አዎ፣ ይሄን ጽሑፍ እዚያ ሆናችሁ የምታነቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብዙ መቀመጥ ለኪንታሮት ይዳርጋል።)

ቀጥሎ ተልባ። ተልባ የምንወደው እናቶቻችን ስላሉ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥና ሰገራን የሚያለሰልስ አሰር አለው። የተፈጨ ተልባ 1 የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ በቀን አንዴ ጀምሩ፤ ከተስማማችሁ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ 2 ማንኪያ ከፍ አድርጉት። ያለ በቂ ውሃ ግን አትውሰዱት፤ ራሱ ሊያደርቃችሁ ይችላል። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በሁለቱ መካከል 2 ሰዓት ያህል አራርቁ። ጭማቂ ቤት የሚሸጠው ተልባ ስኳር የሚበዛበት ከሆነ ቤት የሠራችሁት ይሻላል።

ውሃ በቀን ወደ 2 ሊትር ይሁን። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ህመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ከምግብ ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ከነሥጋው (ጭማቂው ብቻ ሳይሆን)። የጤፍ እንጀራ ጥሩ የአሰር ምንጭ ነው፤ ሩዝ የበዛበት እንጀራ ግን ያንን ያህል አይሰጣችሁም። በጾም ወቅት የምታቆሙ ሰዎች እዚህ ላይ ዕድለኞች ናችሁ፣ ሽሮውም ጎመኑም አለ። ብቻ ሁሉን በአንድ ቀን አትጨምሩ። ትናንት ዳቦ ብቻ የበላ ሆድ ዛሬ ፉል፣ ሽሮና ምስር ሲከመርበት በጋዝ ይነፋል፣ ከዚያ «ይሄም አልሠራም» ይባላል። መራመድም ይረዳል፤ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ በቂ ነው።

ጫት የሚቅሙ ሰዎች ይህችን ለብቻዋ አንብቧት። ጫት ራሱ ሆድ ያደርቃል። ኒኮቲኑ ሲቀር አንጀት ዘግይቷል፣ ጫቱ ደግሞ ይብሱን ያስረዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳምንት ሙሉ ያልወጣ ሰው አይቻለሁ። ከዚያም በላይ፣ ብዙ ሰው አቁሞ የሚመለሰው ጫት ላይ ነው። ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ከጫት ወንበር መራቅ ለሆድም ለውሳኔውም ይበጃል። ሺሻም ምትክ አይሆንም፤ ያው ኒኮቲን፣ ያው ጭስ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሦስት ቀን ካለፈ ከፋርማሲ ማለስለሻ መውሰድ ነውር አይደለም። ላክቱሎስ ሰገራን በውሃ ያለሰልሳል፣ ለመሥራት ግን ከ1 እስከ 2 ቀን ይፈልጋል። ቢሳኮዲል ፈጣን ነው፤ ለአዋቂ ባለ 5 ሚሊ ግራሙ 1 ወይም 2 ፍሬ ማታ ሲወሰድ ጠዋት ያስወጣል። ከወተትም ከጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕም ጋር አትውሰዱት። ለጥቂት ቀን ነው እንጂ ለወር አይደለም። ሰናመኪም ይሠራል፣ ግን በጭብጥ እየተዘገነ ስለሚፈላ መጠኑ አይታወቅም፤ ቁርጠትና ተቅማጥ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ወይም ሆዳችሁን በኃይል እያመማችሁ ወይም እያስመለሳችሁ ከሆነ የትኛውንም በራሳችሁ አትጀምሩ።

ስለ ቃር ደግሞ። ሲጋራ በጉሮሮ ቱቦና በጨጓራ መካከል ያለውን በር ያላላል፤ ስለዚህ ማቆም በጊዜ ሂደት ቃርን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ታዲያ ለምን አንዳንዱን ያቃጥለዋል? ብዙውን ጊዜ ሲጋራን በተካበት ነገር ነው። ማታ ዘግይቶ መብላት፣ ከረሜላ፣ ቀኑን ሙሉ ማስቲካ። ማስቲካ ስታኝኩ አየር ትውጣላችሁ፤ «ስኳር የሌለው» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሶርቢቶል አለበት፣ ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ያመጣል። ውጭ አገር ያላችሁና የኒኮቲን ማስቲካ የምትጠቀሙ፣ እንደ ተራ ማስቲካ አታኝኩት። ትንሽ አኝካችሁ ጉንጭና ድድ መካከል አሳርፉት፤ ምራቁ ሲዋጥ ነው ቃርና ስቅታ የሚያመጣው።

ቡናም አለ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ጭሱ ሲቀር ያው የለመዳችሁት ቡና ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ መጠኑ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። የልብ ምት፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የጨጓራ ማቃጠል፣ ሁሉም «ሲጋራ በማቆሜ ነው» ይባላል፣ ግማሹ ግን ቡናው ነው። አቦሏን ጠጡ፣ ሆዳችሁንም ታግዛለች፤ ቶናና በረካን ለጎረቤት ተዉ።

«ጨጓራዬ ነው» ብሎ ኦሜፕራዞል እየገዙ ለወራት መዋጥም ልክ አይደለም። ማቃጠሉ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ የኤች ፓይሎሪ ምርመራ ይደረግላችሁ፤ አገራችን ውስጥ በጣም የተለመደ ባክቴሪያ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አንዱ ካለ ግን ሲጋራውን ምክንያት አድርጋችሁ አትቀመጡ፦ ሰገራ ላይ ደም፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ (የአይረን ኪኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል፣ ቢሆንም ይታይ)፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ዕድሜያችሁ 50 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የማይመለስ የሆድ ለውጥ፣ ከወር በላይ የቆየ ድርቀት። ደምና ንፍጥ ያለበት ተቅማጥም ይታይ፤ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚባለው የትልቁ አንጀት ህመም ሲጋራ ካቆሙ በኋላ የሚቀሰቀስባቸው ሰዎች አሉ። ሆድ ተነፍቶ፣ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ብሎ ማስመለስ ከተጨመረበት ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አንጀት ተጠምዞ ሊሆን ይችላል፣ ተልባ የሚጠጣበት ሰዓት አይደለም።

አንድ የረሳኋት፦ ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ሊያቆም ካሰበ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። እንደ ካፌይኑ ሁሉ እነዚህም መድኃኒቶች ጭሱ ሲቀር ደም ውስጥ ይጨምራሉ፣ ክሎዛፒን ደግሞ በራሱ ኃይለኛ የሆድ ድርቀት ያመጣል። መጠኑን ሐኪሙ ያስተካክለዋል፤ በራሳችሁ አትቀንሱት፣ አታቁሙትም።