ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም

ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለች የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አንዲት እናት በነጠላ የተጠቀለለ ሲፒዩ ታቅፈው ገቡ። ከአቃቂ በታክሲ ነው የመጡት። ቤታቸው ያለው የስልክ መስመር ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል። ሌላ ቦታ ወስደውት «ፎርማት ይደረግ» ተብለው ከፍለዋል። የልጃቸው የትምህርት ፋይል ጠፋ፤ ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም። ወጣቱ ባለሙያ ሲፒዩውን ሳይከፍት፣ «እማማ፣ ሞደሙ ላይ ዲኤስኤል የሚለው መብራት ቀጥ ብሎ ይበራል ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል?» አላቸው። ብልጭ ድርግም ይላል አሉ። «በቃ፣ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ መስመሩ ነው» ብሎ ሳንቲም ሳይቀበል ሸኛቸው።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት ኢንተርኔት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ከረምኩ። እንደዚያ ወጣት ያስረዳኝ አላገኘሁም። «ሰው ተሸክሞ የሚያመጣው ኮምፒውተሩን ነው፤ ችግሩ ግን ያለው ግድግዳው ላይ ወይም ምሰሶው ላይ ነው» ይላል። «ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚቋረጥ ከሆነ ምን ፎርማት ያስፈልገዋል? ቫይረስ ክረምት አይጠብቅም።»

አቃቂ ለመገናኛ እንግዳ አይደለችም። የጅቡቲ ባቡር በእ.ኤ.አ. 1917 አዲስ አበባ የደረሰው በአቃቂ በኩል ነው። የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የሬዲዮ ጣቢያ የሠራውም እዚሁ ነበር፤ ፋሺስት ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ አፄ ኃይለ ሥላሴ ድምፃቸውን ለባሕር ማዶ ያሰሙት በእሱ ነው። የዚያን ያህል ርቀት ድምፅ በላከች ሰፈር ዛሬ ከምሰሶ እስከ ሳሎን ያለው ገመድ ሲያስቸግር ማየት ያስቆጫል። ስልክ በምኒልክ ዘመን ከገባ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት መጣ። መጀመሪያ በዳያል አፕ ነበር፤ ስልክ እየተያዘ፣ ሞደሙ እየጮኸ። ቀጥሎ የመጣው ኤዲኤስኤል ያንኑ የስልክ የመዳብ ገመድ ለሁለት አካፈለው፤ ዝቅተኛው ሞገድ ለድምፅ፣ ከፍተኛው ለዳታ ሆነ። ከፍተኛው ሞገድ ደግሞ በርቀት ይደክማል፤ ውኃ የገባበት ወይም የዛገ መጋጠሚያ ይጎዳዋል። ስልኩ ላይ ስፕሊተር ካልተገጠመ፣ ስልኩ ሲጠራ ኢንተርኔቱ ሊወድቅ ይችላል።

ሶፍትዌሩ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ደንበኛውን በዩዘርኔምና በፓስወርድ ለይቶ የሚያገናኘው ፒፒፒኦኢ የሚባለው አሠራር በእ.ኤ.አ. 1999 ይፋ ሆነ። በዊንዶውስ 98 ዘመን ለዚህ የተለየ ፕሮግራም መጫን ግድ ነበር፤ ሮበርት ሽላባክ የተባለ ባለሙያ የሠራው ራስፒፒፒኦኢ በነፃ ይገኝ ስለነበር ብዙዎች እሱን ይመርጡ ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ በእ.ኤ.አ. 2001 ሲወጣ ግን አገልግሎቱን ይዞት መጣ። ከዚያ ወዲህ «የኮኔክሽን ሶፍትዌር» ተብሎ በፍላሽ የሚዞረው ነገር ለቤት ዲኤስኤል አያስፈልግም። ከሁሉ የሚሻለው ሞደሙ ራሱ እንዲደውል ማድረግ ነው፤ ያኔ ስልኩም ላፕቶፑም ምንም ሳይጫንባቸው በዋይፋይ ይገባሉ።

ኮምፒውተሩ በሚደውልበት ቤት የስህተት ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። 651 ብዙ ጊዜ ከወዲያኛው ጫፍ መልስ አልመጣም ማለት ነው፤ ገመዱና መብራቱ ይታዩ። 691 ግን መስመሩ ደርሷል፣ ስሙ ወይም ፓስወርዱ ተቀባይነት አጣ ማለት ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ የቀድሞው ግንኙነት ወዲያው ሳይዘጋ ቀርቶ ሁለተኛ መግቢያ የሚከለከልበት ጊዜም አለ። «ፓስወርድ ተቀየረብኝ ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ» ይላል ወጣቱ፤ «ሞደሙን አጥፍተው ቡና አፍልተው ቢመለሱ ይገባላቸው ነበር።» ኢንተርኔቱ ገጽ እየመረጠ የሚከፍት ከሆነ ደግሞ ኤምቲዩ የሚባለውን የአንድ ጥቅል ዳታ መጠን ከ1500 ወደ 1492 ዝቅ ማድረግ ነው፤ ስምንቱን ባይት ፒፒፒኦኢ ይወስደዋል።

ይህን ሁሉ ደንበኛው ለምን በወረቀት አይሰጠውም? የመስመር ሥራ የሚያውቁ አንድ ኃላፊ ዘንድ ሄጄ ጠይቄ ነበር። «በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ፤ አቀረብኩ። መልስ የለም። ስደውል ስብሰባ ላይ ናቸው። ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ የምዝገባ ቀን ያለፈባት ተማሪ፣ ግብር ሳያሳውቅ ቅጣት የመጣበት ነጋዴ አለ። የሞባይል ዳታ ያድናል የሚሉ አሉ፤ ለአንድ ቀን ያድናል፣ ልጆች ባሉበት ቤት ለወር ግን ኪስ አይችለውም።

ፋይበር እየተዘረጋ ስለሆነ የመዳቡ ጣጣ ይቀራል። ዩዘርኔምና ፓስወርድ ግን በብዙ አገር ፋይበር ላይም አልቀሩም። ስለዚህ ሊገጥም የመጣው ባለሙያ ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገር ያጽፉ፦ የሚደውለው ሞደሙ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ፣ ዩዘርኔምና ፓስወርዱ ምንድን ነው፣ መስመሩ በዚያን ቀን ስንት ሜጋቢት ሰጠ። ወረቀቱን ሞደሙ ጀርባ ላይ በፕላስተር ይለጥፉት።