የፓፓያ ወተትና የወገብ ሕመም

በወገብ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ የተባለው ትራስ ሲሰነጠቅ፣ ውስጡ የነበረው ለስላሳ አካል ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል። ጆንያ ያነሣ ነጋዴ ሕመሙን ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ቶማስ ከፓፓያ ወተት የተገኘውን ፓፓይን ጥንቸሎችን ቢወጉበት፣ ቀጥ ብሎ የነበረው ጆሯቸው ተልፈስፍሶ ወደቀ። ከዚህ በመነሣት ዶክተር ላይማን ስሚዝ በ1963 ከዚያው ወተት የተለየውን ካይሞፓፓይን በመርፌ ወደ በሽተኛ ዲስክ አስገቡ፤ ይኸውም ጀርባ ሳይቀደድ የሚጫነው አካል እንዲሟሟ ነው። መድኃኒቱ በ1982 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ነገር ግን ጥቂቶችን በብርቱ አለርጂ ለሞት አደረሰ። በ2003 ሽያጩ ቆመ።

ዛሬ ሐኪሞች በቀጭን ቱቦና በካሜራ፣ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ ገብተው የወጣውን ቁራጭ ይለቅማሉ። ብዙው ሕመምተኛ ግን በጥቂት ሳምንታት ያለ ቢላዋ ይሻለዋል። ሽንት የተከለከለ ወይም እግሩ የሰነፈ ሰው ግን ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።