ተመሳሳይ እጅ፣ የተለያየ ማዕረግ፦ የመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ሙያዎችና የሕይወት ሲሙሌሽን ጨዋታ

መግቢያ

የመካከለኛውን ዘመን ኑሮ የሚያስመስሉ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ወዳጆች ደጋግመው ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ አዳዲስ ሙያዎች እንዲጨመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኤሌክትሮኒክ አርትስ ኩባንያ የቀረበው «ዘ ሲምስ ሜዲቫል» ለተጫዋቹ ዐሥር ዋና ገጸ ባሕርያትን ይሰጣል፤ እነርሱም ንጉሥ፣ ፈረሰኛ ተዋጊ፣ ሰላይ፣ አስማተኛ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ነጋዴ፣ ሐኪም፣ ዘፋኝ ገጣሚ እና የሁለት ተቀናቃኝ የሃይማኖት ወገኖች ካህናት ናቸው። በመንደሩ ውስጥ የሚታዩት ገበሬዎች፣ ዘበኞችና የመጠጥ ቤት አሳላፊዎች ግን ተጫዋቹ ሊሆናቸው የማይችላቸው አጃቢዎች ሆነው ቀርተዋል። የአዳዲስ ሙያዎች ጥያቄ የሚመነጨውም በአብዛኛው ከዚህ ነው፤ ተጫዋቹ ከጀግናው ይልቅ የዳቦ ጋጋሪውን፣ የገበሬውን ወይም የልብስ ሰፊውን ቀን መኖር ይፈልጋል።

ይህ ጥያቄ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መልኩን ይለውጣል። የኢትዮጵያ መካከለኛ ዘመን በዓለም አቀፍ ጨዋታዎች ውስጥ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን ሾተል የታጠቀ ልዩ ወታደር ተሰጥቷቸው፣ የዮዲት ታሪክም የዘመቻ ርእስ ሆኖ ቀርቧል። ሆኖም ይህ ውክልና የጦር ሜዳ ውክልና ነው። ሾተሉን የቀጠቀጠው፣ የወታደሩን ሸማ የሸመነው፣ የዘመቻውን ዜና በብራና የጻፈው ሰው በሥዕሉ ውስጥ የለም።

ይህ ጽሑፍ አንድ የሕይወት ሲሙሌሽን ጨዋታ የመካከለኛውን ዘመን የኢትዮጵያ ሙያዎች ቢያካትት ምን ሊያስመስል እንደሚገባው ያብራራል። ዋና ሐሳቡም የሙያዎችን ዝርዝር ማርዘም ብቻውን በቂ አይደለም የሚል ነው። በመጀመሪያ ሙያ ከመሬት ጋር ያለውን ግንኙነት፣ ቀጥሎ ተመሳሳይ የእጅ ሥራ ያለውን የተለያየ ማዕረግ፣ ከዚያም የ«ቡዳ» እምነት በጨዋታ ሲቀረጽ የሚያስከትለውን አደጋ ይመለከታል። በመጨረሻም የእነዚህ ሙያዎች ተከታይ ታሪክ የሚነበብበትን የአቃቂ ቃሊቲን አካባቢ ያነሣል።

ሙያ ምርጫ ባልነበረበት ዘመን

በሲሙሌሽን ጨዋታዎች ሙያ ብዙውን ጊዜ የምርጫ ጉዳይ ነው። በፖላንዱ ሬንደር ኪዩብ በተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2021 ተጠናቆ በቀረበው «ሜዲቫል ዳይነስቲ» ተጫዋቹ መንደር መሥርቶ ነዋሪዎቹን በየሥራው ይመድባል፤ ልዩነቱ የችሎታቸው መጠን ነው። ይህ አሠራር ሁለት ግምቶችን ይዟል። አንደኛው፣ ማንኛውም ሰው በመርሕ ደረጃ ማንኛውንም ሥራ ሊሠራ ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ችሎታ ሲያድግ ክብርም አብሮ ያድጋል የሚል ነው።

በኢትዮጵያ ደገኛ ማኅበረሰብ ሁለቱም ግምቶች አይጸኑም። የኑሮ መሠረት የነበረው ርስት፣ ማለትም በትውልድ ሐረግ የሚገኝ የመሬት ባለመብትነት ነበር። ከርስቱ በላይ ደግሞ ንጉሡ ለሹም፣ ለወታደር ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የግብር መሰብሰቢያ መብት፣ ጉልት፣ ነበር። የአንድ ሰው ሙያ በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት መብቶች ውስጥ በነበረው ስፍራ ነው። በየጠረፉ የሚሰፍረውና ከአካባቢው ሕዝብ በሚገኝ ግብር የሚኖረው የንጉሡ ጭፍራ «ጨዋ» ይባል ነበር። ቃሉ ዛሬ መልካም አስተዳደግ ያለውን ሰው ማመልከቱ፣ በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ደግሞ ያልተማረውን ምእመን መጥራቱ፣ የሙያ ስም የማዕረግ ስም ሆኖ እንደሚቀር ያሳያል።

ከመሬት መብት ውጭ የቀረው ሰው በበኩሉ የእጅ ሥራ ይጠብቀው ነበር። በትውፊት እንደሚተረከው፣ ከ1414 እስከ 1429 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አውጀዋል። እንደ ጄምስ ኲሪን ያሉ የታሪክ ተመራማሪዎች ያብራሩት የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ጉዞ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ርስቱን ቀስ በቀስ ያጣው ሕዝብ በብረት ሥራ፣ በሸክላ፣ በሽመና፣ በኋላም በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት መታወቅ ጀመረ። ስለዚህ ቀጥቃጩ ወደ ምድጃው የሄደው ስለ ወደደው ብቻ አይደለም፤ ከእርሻው የመገፋቱም ውጤት ነው።

የውጭ አገር ባለሙያዎችም ዕድል የተለየ ሆኖ ከምርጫ ውጭ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በኢትዮጵያ የቆየው ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ መርቆሬዎስ በሚል ስም የታወቀውን የቬኒስ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሊዮንን በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አግኝቶታል። ከእርሱ በኋላ የገባው ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪሊያም ርስትና ትዳር ተሰጥቶት፣ ወደ አገሩ መመለስ ግን ሳይፈቀድለት ኖሯል። ችሎታ ለባለቤቱ ክብርን ቢያስገኝለትም ነጻነትን አላስገኘለትም።

ሦስት ጥንድ ሙያዎች

የጨዋታ ንድፍ አውጪን ይበልጥ የሚፈትነው ግን ተመሳሳይ የእጅ ሥራ በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት የተለያዩ ማዕረጎች መያዙ ነው። ይህን ሦስት ጥንዶች ያሳያሉ።

የመጀመሪያው ጥንድ ብራና አዘጋጁና ቆዳ ፋቂው ናቸው። ሁለቱም የእንስሳ ቆዳ ይዘፈዝፋሉ፣ ይወጥራሉ፣ ጠጉርና ሥጋውን ይፍቃሉ። ብራና የሚያዘጋጀው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ራሱ ጸሐፊ ወይም ደብተራ ነው፤ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤትና ቅኔ ቤት የተማረ፣ በመቃ ብዕር ዳዊት የሚጽፍ ነው። ሥራው የቅዱስ መጽሐፍ መጀመሪያ በመሆኑ አያስነውረውም። ለጫማ፣ ለጠፍርና ለአገልግል ቆዳ የሚያለፋው ሰው ግን «ፋቂ» ተብሎ ከመንደሩ ዳር ይቀመጥ ነበር።

ሁለተኛው ጥንድ ደብተራውና አዝማሪው ናቸው። «ዝማሬ»፣ «መዝሙር» እና «አዝማሪ» ሁሉም «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጡ ናቸው። ደብተራው በጸናጽልና በመቋሚያ፣ አዝማሪው በማሲንቆ ያዜማሉ፤ ሁለቱም ድርብ ትርጉም ያለው ቃል ይወዳሉ፣ ሁለቱም ሰሙን ሰጥተው ወርቁን ይደብቃሉ። የመጀመሪያው በቤተ መቅደስ ይከበራል። ሁለተኛው በግብር አዳራሽ ይሸለማል፣ ይፈራልም፣ ግን ጋብቻ ሲጠየቅ ይናቃል።

ሦስተኛው ጥንድ ፈታይዋና ሸማኔው ናቸው። ጥጥ መፍተል ከድኻ ጎጆ እስከ ባላባት እልፍኝ የሴቶች ሁሉ ሥራ ነበር፤ ቀጭን ፈታይ መባል ለወይዘሮ ምስጋና ነው። የተፈተለው ድር ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ሲወርድ ግን ክብሩ ይቀራል። አንድ ሸማ ግማሽ ዕድሜው የተመሰገነ፣ ግማሽ ዕድሜው የተናቀ ሥራ ውጤት ነው።

ሦስቱ ጥንዶች በአንድነት የሚያሳዩት የሙያ ማዕረግ ከእጅ እንቅስቃሴው ወይም ከችሎታው እንደማይመነጭ ነው። ማዕረጉን የሚሰጡት ሥራው የሚውልበት ዓላማ፣ የሠራተኛው የትውልድ ሐረግና ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሙያ በአንድ የችሎታ መለኪያ ብቻ የሚገልጽ ጨዋታ ፋቂና ብራና አዘጋጅን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሁለት የማይገናኙ ሙያዎች አድርጎ የሚያቀርባቸውም የእጃቸውን አንድነት ይደብቃል። የተሻለው መንገድ ድርጊቱን አንድ አድርጎ፣ ድርጊቱ የሚያስገኘውን የማኅበረሰብ ምላሽ መለያየት ነው። ተጫዋቹ በሁለት ገጸ ባሕርያት አንዱን ቆዳ ሲፍቅ በአንዱ ቤት እንግዳ ይሆናል፣ በሌላው ከደጅ ይመለሳል። ልዩነቱን የሚያስረዳ ጽሑፍ ሳይቀርብለት ራሱ ይጠይቃል።

የ«ቡዳ» ችግር

ለብረት ሠሪ ከተሰጡት ስሞች አንዱ «ጠይብ» ነው። የቃሉ ዝምድና ጥበብንና ጠቢብን ከሚያስገኘው ሥር ጋር ቢሆንም በዕለት አነጋገር ስድብ ሆኖ ኖሯል። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ሌሎችም ባለእጆች በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ በሌሊት ወደ ጅብ ይለወጣሉ ተብለው በ«ቡዳ»ነት ተጠርጥረዋል። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ ማረስ አይችልም፤ ቀጥቃጩም ያለ ገበሬው እህል አያድርም። መፈላለጉና መራራቁ በአንድ ገበያ ውስጥ አብረው ኖረዋል።

ይህ ለጨዋታ ሠሪ ትልቅ ፈተና ነው። የመካከለኛው ዘመን ጨዋታዎች ከምናባዊ ታሪክ ወግ የወረሱት ልማድ አላቸው፤ አስማት ካለ አስማቱ ይሠራል። በ«ዘ ሲምስ ሜዲቫል» አስማተኛው የሚደግመው ድግምት በእርግጥ ውጤት ያስገኛል። በዚሁ ልማድ «ቡዳ» የሚባል ገጸ ባሕርይ ቢፈጠርና ወደ ጅብ የመለወጥ ኃይል ቢሰጠው፣ ጨዋታው ያለ አንዳች ክፉ ሐሳብ የከሳሾችን ቃል እውነት ያደርጋል። ተጫዋቹ የሚያየው ኃይል በአንድ ወቅት ሰዎችን ከጋብቻ፣ ከማዕድና ከመቃብር ስፍራ የለየ ክስ ነው። ክሱም ከዘሮቻቸው መካከል በሕይወት ያሉትን ሰዎች ይነካል።

ስለዚህ «ቡዳ» በጨዋታ ውስጥ መቀረጽ ካለበት መቀረጽ ያለበት እንደ ኃይል ሳይሆን እንደ ወሬ ነው። ወሬ መነሻ አለው፤ ሕፃን ይታመማል፣ ላም ወተት ትነጥፋለች። መንገድ አለው፤ ከምንጭ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። ዋጋም አለው፤ የቀጥቃጩ ደንበኛ ይቀራል፣ ልጁ የምታገባው ታጣለች። እነዚህ ሁሉ የሲሙሌሽን ስልት በሚገባ ሊያሰላቸው የሚችላቸው ናቸው። ተጫዋቹም ከተጠርጣሪው ወገን ሆኖ ቢጫወት፣ ወሬን ማስተባበል ማረሻ ከመቀጥቀጥ የበለጠ ከባድ ሥራ መሆኑን ይረዳል።

ከአዋጅ እስከ አቃቂ

ይህ የሙያ ሥርዓት በአንድ ቀን አልፈረሰም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ስድቡ የቆመበትን የመሬት ሥርዓት አልነካም። የመሬቱ ጥያቄ በሕግ የተመለሰው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሲሆን፣ በእርሱም ርስት በትውልድ ሐረግ የሚጠየቅ መብት መሆኑ አበቃ። በሁለቱ አዋጆች መካከል ያለው የስድሳ ሰባት ዓመት ርቀት፣ የቃልን ክብር መመለስና የኑሮን መሠረት መመለስ ሁለት የተለያዩ ተግባራት መሆናቸውን ያመለክታል።

በመካከሉ ሦስተኛ ኃይል ገባ፤ እርሱም የፋብሪካ ደመወዝ ነው። የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ከመዲናይቱ በስተደቡብ ያለችው አቃቂ የመሥመሩ ጣቢያ ሆነች። በኋላም አቃቂና ቃሊቲ ከአገሪቱ ቀደምት የኢንዱስትሪ ሠፈሮች መካከል ተቈጠሩ። በዚያ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መፍተልንና መሸመንን በአንድ ጣሪያ ሥር አደረገ። በኋላ የተተከለው የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካም የቀጥቃጩን ሥራ በማሽን ሠራ። በአቃቂ ወንዝ ተፋሰስም ቆዳ ፋብሪካዎች ተመሠረቱ። በመካከለኛው ዘመን ሥርዓት የተናቁት ሽመና፣ ብረትና ቆዳ በአንድ የከተማ ዳርቻ የሥራ መደብ፣ ፈረቃና የደመወዝ ቀን ያላቸው ሆኑ። ፈታይዋና ሸማኔው በአንድ የደመወዝ መዝገብ ላይ ሰፈሩ።

ይህ ማለት የቀድሞው ማዕረግ በፋብሪካው በር ላይ ቀረ ማለት አይደለም። ደመወዝ የሥራውን ስም ይለውጣል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ ግን ደመወዝ ብቻውን አይወስንም። ለሲሙሌሽን ንድፍ የአቃቂ ቃሊቲ ጠቃሚነት ከዚህ ላይ ነው። መሬት፣ ስምና ክፍያ ሦስት ራሳቸውን የቻሉ ተለዋዋጮች መሆናቸውንና አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹ ባሉበት ሊቆዩ እንደሚችሉ ያሳያል። የፋብሪካ ሠራተኞችና የጡረተኞች የቃል ትውስታም ለዚህ ጥናት በቅርብ የሚገኝ ምንጭ ነው።

ማጠቃለያ

የሕይወት ሲሙሌሽን ጨዋታ ተጫዋቾች ተጨማሪ ሙያ ሲጠይቁ በመሠረቱ የሚጠይቁት ተጨማሪ ሕይወትን ነው። የኢትዮጵያ መካከለኛ ዘመን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብራና አዘጋጅ፣ አዝማሪ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ጠጅ ጣይ፣ ጨዋና ነጋዴ የሚሉ ስሞችን መደርደር ብቻ ሊሆን አይገባም። እያንዳንዱ ሙያ ከመሬት መብት፣ ከሰው አፍና ከሚያገኘው ክፍያ ጋር ተያይዞ መቀረጽ ይኖርበታል። በዚህ መንገድ የተሠራ ጨዋታ ለተጫዋቹ ሾተል ከማስያዝ አልፎ፣ ሾተሉን የቀጠቀጠው ሰው ከገበያ ሲመለስ ለምን በሌላ መንገድ እንደሚሄድ ሊያሳየው ይችላል።