አባ ጎርጎርዮስና ኢዮብ ሉዶልፍ፤ በሰው አገር ስለ ተገኘ ወዳጅነት

ልጁን ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ባሕር ማዶ የሰደደ አባት ከጤናው ቀጥሎ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ከማን ጋራ እንደሚውልና ጸሎቱን እንዳልተወ። እናቲቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ታስቀድማለች። ጥያቄዎቹ ሁለት ቢመስሉም በሰው አገር ለሚኖር ሰው ግን አንድ ናቸው ብለን እናስባለን። ጸሎቱን የሚያከብርለት ወዳጅ ያላገኘ እንግዳ ወይ ሃይማኖቱን እንደ ዕዳ ደብቆ ይኖራል፣ ወይ ዕድሜውን በክርክር ይፈጃል። ለዚህ ነገር ምስክር እንዲሆነን ከሩቅ ዘመን የአባ ጎርጎርዮስን ታሪክ መርጠናል። ዓመታቱን የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አባ ጎርጎርዮስ በዚያን ዘመን አምሐራ ይባል ከነበረው አገር የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ በነበረው ጊዜ ከኢየሱሳውያን ጋራ ከተባበሩት ካህናት አንዱ ናቸው። ስለዚህ ነገር የፈሰሰውን ደም ለአንባቢዎቻችን መተረክ አያስፈልግም። በ1632 ንጉሠ ነገሥቱ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ ኢየሱሳውያንም ተባረሩ፤ አባ ጎርጎርዮስም አገራቸውን ለቀው ከብዙ ድካም በኋላ ሮማ ገቡ። በዚህ ነገር እሳቸውን የሚነቅፍ ሰው አይታጣም። እኛም ከደብር ትምህርት በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ስለ ሆንን ክርክሩ ከሁለቱም ወገን እንዴት እንደሚሰማ እናውቀዋለን፤ ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ ክርክሩ አይደለም።

በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዠምሮ የኢትዮጵያ መነኰሳት የሚያርፉበት ቤት ነበረ። አባ ተስፋ ጽዮንና ጓደኞቻቸው ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ በ1548ና በ1549 ያሳተሙት በዚያ ሲኖሩ ነው። አባ ጎርጎርዮስም ከጥቂት ያገራቸው ሰዎች ጋራ በዚያው ተቀምጠው ሳሉ በ1649 አንድ የ25 ዓመት ያህል ጐልማሳ ሊጠይቃቸው መጣ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ የተወለደ፣ የሉተር ተከታይ ነው፤ ሮማ የመጣውም ለስዊድን መንግሥት የቈዩ ወረቀቶችን ሊፈልግ ነበር። ግእዝን የተማረው ከመጽሐፍ ነው እንጂ ካገሩ ሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም። መነኰሳቱ የብራና መጽሐፍ ሰጥተው አንብብ ቢሉት አነባበቡ አሣቃቸው። ትርጓሜውን ሲናገር ግን ሣቁ ወደ መደነቅ ተለወጠ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። አባ ጎርጎርዮስ ላቲን አያውቁም፤ እሳቸው የሚያውቁትን የፖርቱጋል ቋንቋ ደግሞ ሉዶልፍ አይናገረውም። መዠመሪያ በአስተርጓሚ ተነጋገሩ፤ ቀጥሎም ግእዝን ለአፍ ንግግር አደረጉት። ግእዝ ባገራችን የቅዳሴና የመጽሐፍ ቋንቋ ነው፤ በግእዝ ጨው የሚገዛ፣ በግእዝ ስለ ጕንፋኑ የሚያወራ የለም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ስለ ዕለት ነገር መነጋገር የቻሉት ዳዊት በሚደገምበት ቃል ነበረ። ስለዚህ አባ ጎርጎርዮስ ከወዳጃቸው ጋራ በተጨዋወቱ ቍጥር የጸሎታቸው ቋንቋ ከአፋቸው አልራቀም። ሃይማኖትን በሰው አገር ስለ መጠበቅ ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ እንደዚህ ያለ ጥበቃ ግን አልሰማንም። በዕድሜ አባቱ የሚሆኑት መነኵሴ የጐልማሳውን ግእዝ እያረሙ አማርኛውን ጨመሩለት፤ እሱም መምህሬ ብሎ ያዛቸው።

በ1652 የሣክስ ጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ አገሩ ጠራቸው። እሳቸውም ከሮማ ተነሥተው ጎታ ገቡ፤ ፍሪደንሽታይን በሚባለው ግንብም ተቀበሏቸው። ትርጓሜው የሰላም ድንጋይ ማለት ነው፤ ይህም ስም ያለ ምክንያት አልወጣለትም፤ ጀርመን 30 ዓመት ስትዋጋ ኖራ ሰላም ያገኘችው በ1648 ነበረና፤ የጦርነቱም አንዱ ምክንያት ሃይማኖት ነበር። እንግዲህ በሃይማኖት ምክንያት ደም ሲፈስ ያዩ ካህንና በእንደዚሁ ያለ ጦርነት ዘመን ተወልዶ ያደገ ሊቅ በአንድ ቤት ተቀመጡ።

መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ አገራችን ሥርዐትና ሃይማኖት ብዙ ጠየቋቸው። እውነቱን ለመናገር የመስፍኑ ጥያቄ ከሐሳብ ንጹሕ አልነበረም፤ የሉተር ተከታዮችና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀራረቡ ይመኝ ነበር። አባ ጎርጎርዮስም የሮማን ሃይማኖት የተቀበሉ ስለ ሆኑ ያደጉበትን ሥርዐት ማቃለል ቢፈልጉ ምቹ ጊዜ ነበራቸው። የሉዶልፍን የታሪክ መጽሐፍ የሚመለከት ሰው ግን ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በአክብሮት እንደሚናገር ያያል፤ ብዙውንም ነገር ከማን አፍ እንደ ሰማው ራሱ ጽፎታል። ሁለቱ በሃይማኖት አንድ አልሆኑም፤ አንዱም ሌላውን ስላልመሰለው አልተወውም።

ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቁ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። በሮማ ከ1582 ዠምሮ አዲሱ የቀን አቈጣጠር ስለ ተያዘ በዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዓሉ ካገሩ በዓል ይለይበት ነበር። የጀርመን የሉተር ተከታዮች ግን እስከ 1700 አሮጌውን አቈጣጠር አልለቀቁም። ስለዚህ በጎታ ልደተ ዮሐንስ በእነሱ ዩኒ 24፣ በእኛ ሰኔ 30፣ በአንድ ቀን ይውል ነበር፤ ፋሲካውም እንዲሁ። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሠሩ ወገኖቻችን ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለው የልደት በዓል በሥራ ቀን ሲደርስባቸው፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው የሆነ የሥራ ጓደኛ «አንተ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂድ፣ እኔ በቦታህ እቆማለሁ» ቢላቸው፣ ያ ሰው ከብዙ ዘመድ ይበልጥባቸዋል። ልጁን የሚልክ አባትም «የኛን ሃይማኖት የያዘ ፈልግ» ከሚለው ምክር ጋራ «ሃይማኖትህን የማያፍርብህን ፈልግ» የሚለውን ቢጨምርበት መልካም ይመስለናል፤ የመዠመሪያው በሁሉ ከተማ አይገኝምና።

አባ ጎርጎርዮስ ጎታን ከለቀቁ በኋላ ሁለቱ በደብዳቤ ተገናኙ። ደብዳቤዎቹ በግእዝ የተጻፉ ናቸው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም ታትመዋል። እኛ ዘመናችንን በጽሕፈት ሥራ ያሳለፍን ሰዎች ጉዳዩ ሲያልቅ ደብዳቤውም የሚያልቅበትን ወዳጅነት ብዙ አይተናል። የእነዚህ ግን መስፍኑ የጠራበት ጉዳይ ካበቃ በኋላ ቀጠለ።

በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጕዞ ዠመሩ። በሶርያ ባሕር፣ በእስክንድሮን ወደብ አጠገብ፣ መርከባቸው ተሰበረና ሞቱ። ከኢትዮጵያ ከወጡ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ አገራቸውን አላዩም።

ሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላቱንና ሰዋስውን በ1661 በሎንዶን፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 በፍራንክፈርት አሳተመ። ከሰው የተቀበለውን ዕውቀት የራሱ አስመስሎ የሚያወጣ ሊቅ በማናቸውም ዘመን አይጠፋም፤ እሱ ግን የመምህሩን ስም በየምዕራፉ እየጠራ ይመሰክራል። በ1691 ባወጣው የታሪኩ ማብራሪያም የአባ ጎርጎርዮስ መልክ በሥዕል ታትሞ ይገኛል። የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጡት በ1698 ነው። ሉዶልፍ በዚያን ጊዜ 74 ዓመቱ ነበረ፤ አማርኛውን ያስተማሩት ሰው ከሞቱ 40 ዓመት ሆኖ ነበር።