መብራት ቢጠፋም የማይጠፋው ሚሞሪ

ጅቡቲ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች፤ ጄኔሬተር ግን ከየጓሮው አልወጣም። በዋና ከተማዋ የአንዱ ጄኔሬተር የሥራ ሰዓት ቆጣሪ የተሳሳተ ቁጥር እያሳየ አስቸገረ። ዘይት የሚቀየረው በእሱ ተቆጥሮ ነው። ባለንብረቱ ባትሪውን፣ ጥገና ቤቱ ሙቀቱን ወቀሱ። የቆጣሪው ቦርድ ሲፈተሽ ፕሮግራሙ በኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ ኢኢፕሮም (ኃይል ቢቋረጥም መረጃ በሚይዘው ሚሞሪ) ውስጥ ያንኑ አንድ አድራሻ በየሰከንዱ ይጽፍበታል። አምራቹ ዋስትና የሚሰጠው ለ100,000 ጊዜ ነው። በዚህ አያያዝ 28 ሰዓት አይሞላም።

ባለሙያን የሚያደክመው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር ነው። «መብራት ቢጠፋም አይጠፋም ተብሎ አይደል የተገዛው?» አዎ፣ ለዚያ ነው የተገዛው። ነገር ግን ቺፑ ያለ ኃይል መረጃ መያዙ አንድ ነገር ነው፤ ያለ ገደብ ይጻፍበታል ማለት ፈጽሞ ሌላ። መረጃው የሚቀመጠው በስስ የኦክሳይድ ሽፋን በታጠረ የኤሌክትሮን ክምችት ነው። በተጻፈ ቁጥር ኤሌክትሮኖቹ በከፍተኛ ቮልቴጅ ተገፍተው ያንን ሽፋን ያልፋሉ፤ ሽፋኑም ቀስ በቀስ ይጎዳል።

ችግሩ የትንንሽ ወርክሾፖች ብቻ አይደለም። ቴስላ በ2021 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ወደ 135,000 የሚጠጉ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን ለጥገና የጠራው፣ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ሚሞሪያቸው ብዙ ስለተጻፈበት እያለቀ በመምጣቱ ነው።

ሙቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። ያው ኤቲሜጋ328ፒ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ መረጃን 100 ዓመት እንደሚይዝ ይነገርለታል፤ በ85 ዲግሪ ግን 20 ዓመት። በጋው ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ፣ ፀሐይ ላይ ለሚቀመጥ የብረት ሳጥን የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ጠቅሶ ዕቃ መሸጥ ገዢን ማሳሳት ነው።

መፍትሔው ደግሞ ወጪ የለውም። ቁጥሩን ከቼክሰም (ስህተት መፈተሻ ቁጥር) ጋር በ8 ባይት ማስቀመጥ፣ 1,024ቱን ባይት በ128 ቦታ ከፍሎ በየተራ መጻፍ፣ ያውም በየሰከንዱ ሳይሆን በየደቂቃው። ያኔ ያው ዋስትና ከ24 ዓመት በላይ ያዘልቃል። ኃይል በመሃል ቢቋረጥ የቀደመው ቅጂ አለ፤ የሚጎድለው የደቂቃ ቆጠራ ነው። በየሰከንዱ መጻፍ ግድ ከሆነ፣ አንድ ትሪሊዮን ጊዜ የሚጻፍባቸው ኤፍራም የሚባሉ ቺፖች ገበያ ላይ አሉ።

ቦርድ የሚያሠራ ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ሠሪውን ይጠይቅ፦ በቀን ስንት ጊዜ ይጻፋል? በየተራ ነው ወይስ በአንድ አድራሻ? መልስ ከሌለ ዕቃውን አይረከብ።