ከቼክ ግርጌ የወጣው የኮምፒውተር ፊደል

በአሜሪካ የሚኖር ሰው የባንክ ቼኩን ግርጌ ልብ ብሎ ቢያይ አንድ ረድፍ እንግዳ መልክ ያላቸው ቁጥሮች ያገኛል። ጥግ ጥጋቸው ማዕዘን ነው፤ አንዳንዱ ጎናቸው ቀጭን፣ አንዳንዱ ያበጠ። 0 ዙሪያውን እኩል ነው፤ 1 ግን እግሩ ላይ ድንገት ይወፍራል።

ውፍረቱ ለጌጥ አልተጨመረም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባንክ ኦፍ አሜሪካ በየቀኑ የሚጎርፍለትን ቼክ በእጅ እየለዩ መመዝገብ ስለከበደው የካሊፎርኒያውን የስታንፎርድ የምርምር ተቋም መላ ጠየቀ። ከዚያ ሥራ የተገኘው መፍትሔ ቁጥሮቹን ብረት ኦክሳይድ ባለበት ቀለም ማተም ነበር። ቼኩ በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ቀለሙ የማግኔት ኃይል ይይዛል፤ የማንበቢያው ክፍል ደግሞ ከእያንዳንዱ ቁጥር የተለየ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይቀበላል። ማሽኑ ቅርጹን አያይም። የሚለካው ቀለሙ ከቀኝ ወደ ግራ የት እንደበዛና የት እንደሳሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ነዳፊዎቹ አንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር እንዳይምታታ ውፍረቱን በየቦታው አሰራጩት። ማኅተም ቢያርፍበት ወይም ፊርማ ቢያቋርጠውም ንባቡ አይሰናከልም፤ ተራ ቀለም ማግኔት የለውምና።

ይህ አጻጻፍ ኢ-13ቢ ይባላል። 13ቱ ንድፉ የተመሠረተበትን የ0.013 ኢንች መለኪያ ያመለክታል። በውስጡ 10 አኃዞችና 4 ልዩ ምልክቶች አሉ፤ የቃል ፊደል ግን አንድም የለበትም። ለባንክ ይህ በቂ ነበር።

የፊደላቱን ክፍተት የሞላው እንግሊዛዊው ነዳፊ ሊዮ ማግስ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የቼኩን ቁጥሮች መልክ ይዞ ከኤ እስከ ዜድ ያሉትን የላቲን ፊደላት ቀረጸ፤ ፎንቱም በዌስትሚንስተር ባንክ ስም ዌስትሚንስተር ተባለ። የማግስ ድፍረት የሚደነቅ ነው፤ የትኛውም ማሽን የማያነባቸውን እብጠቶች በፊደላቱ ላይ አስቀመጠ። በዚያን ዘመን ኮምፒውተር በተቋማት ክፍሎች ውስጥ የተዘጋበት ዕቃ ነበር። ብዙ ሰው እጅ የሚገባ የኮምፒውተር ምልክት ቢኖር ይኸው የቼክ ቁጥር ነው። ፎንቱን ያየ ሁሉ ወዲያው መጪውን ዘመን ያሰበው ለዚህ ይመስላል።

በ1970 ነዳፊው ቦብ ኒውማን ለሌትራሴት ኩባንያ ዳታ 70 የተባለ ተመሳሳይ ፎንት አወጣ። ሌትራሴት ከስስ ወረቀት ላይ እየታሸ ወደሚፈለገው ገጽ የሚዛወር ፊደል ይሸጥ ነበር፤ በዚህ መንገድ ማተሚያ ቤት የሌለው ነዳፊ ሳይቀር ፊደሉን በጠረጴዛው ላይ አገኘው። የሳይንስ ልቦለድ ሽፋኖችና ፖስተሮች ይህን መልክ ደጋግመው ተጠቀሙበት።

እንዲህ ያለ ፎንት ለርዕስ እንጂ ለረጅም ጽሑፍ አይሆንም። ውፍረቱ ከፊደል ፊደል ቦታ ስለሚቀያይር ዓይን በየመስመሩ ይደናቀፋል። ሁለት ሦስት ቃል በትልቁ ሲጻፍበት ግን ጉልበቱ ይታያል፤ ዌስትሚንስተርም ኋላ ላይ ከማይክሮሶፍት ሶፍትዌሮች ጋር አብሮ እየተሸጠ በየቤቱ ኮምፒውተር ገብቷል።